የብርሃን ሳጥን ይዘን ከዓለም ጤና እስከ ደራ

ማክሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40። ሁለት ሰዎችና አንድ የካርቶን ሳጥን ከአዳማ መናኸሪያ በሞጆ ሚኒባስ ተነሣን።

ሳጥኑ ውስጥ ሻማ፣ ኩራዝ፣ የእጅ ባትሪ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የኪስ መስታወት፣ አንድ ቁራጭ ጥቁር ጨርቅና አራት ፓኮ ከለር አለ። የሳጥኑ ባለቤት መምህርት ራሔል ናት። አዳማ ውስጥ በአንድ አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ በየወሩ ጥቂት ቀናት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች እየዞረች ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆች ሁለት ነገር ታስተምራለች፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣና ራስን ከፀሐይ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል። ትምህርቱ የሚሰጠው ደጅ ነው። የጉዞዬ ዓላማ ይህን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቶ መጻፍ ነበር።

አንባቢ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ራሔል ልጄ ናት። በዘጋቢነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ዘመድ ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ያየሁትን፣ የሰማሁትንና የቆጠርኩትን ብቻ ለማስፈር ወስኜ ነው።

ረዳቱ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ሊጭን እጁን ዘረጋ። ራሔል አልሰጥም አለች።

«ምን አለበት?» አላት።

«ብርሃን።»

«እንግዲያው መቀመጫ ስለያዘ ሒሳቡን ትከፍዪለታለሽ።»

«ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው። ደግሞ ከሞጆ በፊት ፀሐይ ትወጣለች፤ ከእሷም ልትቀበል ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱም በሩን እየሳበ «እሷማ ሁልጊዜ በነፃ ነው የምትሳፈር» አለ።

ሞጆ፣ 1 ሰዓት ከ25

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርን። ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ፀሐይ በግራው መስኮት ገባች። በዚያ በኩል የተቀመጡት ሁሉ መጋረጃ መጎተት ጀመሩ። መጋረጃ ያልደረሳት አንዲት እናት የነጠላዋን ጫፍ በልጇ ፊት ላይ ጣል አደረገች። ራሔል በክርኗ ነካ አድርጋኝ «ይህን ጻፈው» አለች። «ሰው ሳይማርም የሚያውቀው ነገር አለ። እኔ የማደርገው ልጆቹ ለምን እንደሆነ እንዲያውቁት ብቻ ነው።»

ኮካ አካባቢ በመንገዱ ዳር ዓሣ አንጠልጥለው ለሚያልፈው መኪና ሁሉ ከፍ የሚያደርጉ ሻጮች ነበሩ። ከእነሱ ቀጥሎ የቲማቲም ሣጥኖች ተደርድረዋል። ከዚያ በቀይ መረብ ጆንያ የተሞላ ሽንኩርት እንደ ግድግዳ ተቆልሏል። ዓለም ጤና መድረሳችንን የነገረን ሽታው ነው። በሁለቱም በኩል የውኃ ፓምፕ ይጮኻል፣ ማሳው ቦይ ለቦይ ያብለጨልጫል።

ዓለም ጤና፣ 3 ሰዓት ከ10

አፀደ ሕፃናቱ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሠላሳ አንድ ልጆች ግራር ሥር ጠበቁን። ትምህርቱ የተሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ።

ራሔል መሬቱ ላይ በእንጨት ሁለት ክብ ሠራች። በአንደኛው ውስጥ የራሱ ብርሃን ያለው ነገር ይገባል፣ በሁለተኛው ውስጥ ብርሃን የሚዋስ። ልጆቹ ሻማውን፣ ኩራዙንና ባትሪውን ከመጀመሪያው ክብ አስገቡ። መስታወቱ ጥቂት ካከራከረ በኋላ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«የጅብ ዓይን የራሱ ብርሃን አለው።»

ግማሹ ክፍል ተስማማ። ራሔል አልተቃወመችም።

«ጅቡን ያየሽው በምን ነው?»

«አባዬ ባትሪ ሲያበራ።»

«ባትሪውን ሲያጠፋውስ?»

ልጅቷ አሰበች። «ጅቡ አለ። ዓይኑ የለም።»

«ታዲያ የት እናስገባው?»

ልጅቷ ራሷ አንድ ጠጠር አንሥታ «ይኼ ጅብ ነው» ብላ ከመስታወቱ አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስለ ጅብ ዓይን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የፀሐዩ ትምህርት የሚጀምረው በአንድ ሕግ ነው። ልጆቹ በዜማ ይሉታል፦ «ፀሐይ ጀርባችን፣ ጥላ ፊታችን።» ማንም ወደ ፀሐይ አያይም። ፀሐይ የምትጠናው በጥላ ነው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ጥላ በእርምጃ ለካ። በ3 ሰዓት ተኩል ጥላቸው ከእነሱ ይረዝም ነበር። በ4 ሰዓት ከሩብ ሲለኩት አጥሯል። ጥላችን ከእኛ ካጠረ ፀሐይዋ ጠንክራለች ማለት ነው፤ ባርኔጣ እናደርጋለን ወይም ወደ ጥላ እንገባለን። ሰዓት የማያውቅ ልጅ በዚህ መንገድ የራሱ ሰዓት አለው።

ቀጥሎ የባርኔጣ ፈተና ሆነ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ያመጣውን ባርኔጣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ጥላውን ያያል። ጥላው ውስጥ የብርሃን ነጠብጣብ ካለ ባርኔጣው ወድቋል። ቦንሳ የሚባል ልጅ እናቱ ከሽንኩርት ጆንያ የሰፋችለትን ቀይ ባርኔጣ ይዞ መጣ። በጣም ያማረ ባርኔጣ ነው። ጥላው ግን እንደ ወንፊት ሆነ።

ራሔል ጥቁሩን ጨርቅ ከሳጥኑ አውጥታ ከባርኔጣው ውስጥ ገጠመችውና «አሁን ድገመው» አለችው። ጥላው ድፍን ሆነ። «እናትህ ግማሹን ሠርታዋለች፤ ገበሩን ብቻ ነው የረሳችው። ይህን ውሰድላት።» ጨርቁ ለሌላ ትምህርት የሚያስፈልጋት መሆኑን አውቃለሁ። ቦንሳ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶት ዋለ።

ዓለም ጤና፣ 8 ሰዓት

ምሳ ሽሮና የቲማቲም ስልስ እየበላን ሳለ ስልኳ ጠራ። ደዋይዋ በአሰላ መንገድ ላይ ያለችው የደራ ከተማ አፀደ ሕፃናት መምህርት ከድጃ ነበረች። ራሔል ባለፈው ሐሙስ እዚያ አስተምራለች። የሰማሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ከዓርብ ጀምሮ ዓይናቸው የቀላ፣ እንባቸው የሚፈስ፣ ብርሃን ማየት ያቃታቸው ልጆች አሉ። እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ደርሰዋል። እናቶቹ «መምህርቷ ልጆቻችንን ፀሐይ አሳየቻቸው» ብለው ልጆቻቸውን አስቀርተዋል። ነገሩ ወረዳ ደርሷል። የወረዳው የትምህርት አስተባባሪ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ የደጁ ትምህርት በወረዳው ሁሉ እንዲቆም በስልክ አዝዟል።

ራሔል እንጀራውን ትታ እጇን ታጠበች።

በመመለሻው ሚኒባስ ኮካ ላይ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ።

«ከልጆቹ አንዱ እንኳ ፀሐይን ቀና ብሎ አይቶ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። «የምትጠይቀኝ እንደ አባት ነው እንደ ጋዜጠኛ?»

«እንደ ጋዜጠኛ።»

«እንግዲያው ጻፍ። እኔ ባለሁበት አላዩም። ከዚያ በኋላ ስላለው አላውቅም። ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ።» ትንሽ ቆይታ «እንደ አባት ቢሆን ግን መጀመሪያ ምሳሽን ጨርሺ ትለኝ ነበር» አለች።

ሁለት ነገር በማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩበት። ትምህርቱ የተሰጠው ሐሙስ ነው። የመጨረሻው ልጅ የታመመው ሰኞ ነው። ከአንድ ቀን ትምህርት የመጣ ቢሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታመሙ ነበር።

ረቡዕ፣ ወደ ደራ

ከአዳማ 1 ሰዓት ላይ በአሰላ መስመር ተሳፈርን። አዋሽ መልካሳን አልፈን ወንዙን ስንሻገር ውኃው ቡናማና ዝግ ያለ ነበር። ከዚያ መንገዱ እያዘገመ ይወጣል። ሾፌሩ ከጎኑ ለተቀመጡት ሽማግሌ ስለ በርበሬ ገበያ ያወራል። ራሔል ሳጥኑን በሁለት እጇ አቅፋለች። በዚህኛው መኪና ምን እንደያዘች የጠየቃት የለም።

ደራ 2 ሰዓት ከ20 ደረስን። መምህርት ከድጃ መንገድ ላይ ወጥታ ጠበቀችን። ገና ወጣት ናት፤ ይህ ክፍል የመጀመሪያዋ ነው። «አካም ቡልተን» ብላ ሰላም ካለችን በኋላ ወዲያው «ሃያ ዘጠኝ ልጆች ነበሩኝ፤ ዛሬ አሥራ ስምንት ናቸው» አለችን።

ግቢው አንድ ዛፍ የለውም። ልጆቹ የሚሰለፉትም የሚጫወቱትም ሜዳ ላይ ነው። ራሔል ከወራት በፊት መጀመሪያ ስትመጣ ይህን አይታ ለወላጆች ነግራለች። ወላጆቹ ተሰብስበው የብረት ሼድ ለማሠራት ተስማሙ። ሼዱ በሥራ ላይ ነው ተባልኩ፤ በግቢው ውስጥ እስካሁን ያለው ግን አራት የተቆፈሩ ጉድጓዶች ብቻ ነው።

እናቶቹ በክፍሉ ግድግዳ ጠባብ ጥላ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ልጆቻቸውንም ይዘው መጥተዋል። ፊት የቆሙት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። ገበያ ውስጥ እህል ይነግዳሉ፤ ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል። ከቀሚሳቸው ጋር ተጣብቃ የቆመችው ኢፍቱ ልጃቸው ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ራሔል ሰላም አለቻቸው። ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን አልነፈጓትም።

«ቲቸር፣ አንቺን ሰው ነሽ ብለን ነው ልጆቻችንን የሰጠንሽ» አሉ። «ኢፍቱ ዓርብ ማታ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ እያለች ስታለቅስ አደረች። ተሽሏት ሰኞ ብልካት ማታ ተመልሶ መጣባት። ምን ተማራችሁ ስላት ፀሐይ አለችኝ። የት ስላት ደጅ። ሌላ ምን ልጠይቃት?»

«ትክክል ጠይቀዋል» አለች ራሔል። «እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

እኔ ራሴን በስሜና በሙያዬ አስተዋወቅሁ። ከዚያ በሁሉም ፊት ራሔልን ጥያቄ በጥያቄ ላይ አከታተልኩባት። ሐሙስ ትምህርቱ ስንት ደቂቃ ቆየ? ልጆቹ ወደየት ዞረው ነበር? መስታወቱን ማን ያዘ? የመስታወቱ ነጸብራቅ የልጅ ዓይን ላይ አርፏል? ራሔል አንድ በአንድ መለሰች። አንዱን «አላስታውስም» አለች። ወይዘሮ ዘይነባ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ያዩ ነበር። መምህርት ከድጃ ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ ጥላ መለካቱን በየቀኑ ራሷ እንደቀጠለች፣ ልጆቹ ሁልጊዜ ፀሐይን በጀርባ አድርገው እንደነበር ተናገረች። አንዲት እናት «ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል እንዴ?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ራሔል ሳጥኑን ከፈተች። «ልጆቹን እንጠይቅ» አለች።

4 ሰዓት፣ ሥዕሎቹ

ለሁሉም ወረቀትና ከለር ታደለ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ያያችሁትን ብርሃን ሁሉ ሳሉ። የታመሙት ልጆች ከውስጥ፣ መስኮቱ በጨርቅ ተጋርዶ ሳሉ። ሁለት የታመሙ ልጆች ስላልመጡ እኔና ከድጃ ከለር ይዘን ቤታቸው ድረስ በባጃጅ ሄድን።

ሃያ ዘጠኙን ሥዕል መሬት ላይ ዘረጋሁና መቁጠር ጀመርኩ። ፀሐይ በሁሉም ላይ አለች፤ ቢጫ ናት። የሞተር ብስክሌት መብራት፣ የሱቅ አምፖል፣ የእሳት ምድጃ አለ። አንዱ ልጅ አህያ ስሎ ብርሃኑ የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ «አህያዋ ስትመጣ አቧራው ያበራል» አለ። በአሥራ ሦስት ሥዕሎች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ዙሪያው እሾህ ያለው፣ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ሰማያዊ ክብ።

ከድጃ «ቢጫው አልቆባቸው ይሆናል» አለች። ቢጫውን አነሣሁት፤ ገና ግማሽ ነበር።

የሳሉትን ስም ከታመሙት ዝርዝር ጋር አመሳከርኩ። አሥራ አንዱም የታመሙ ልጆች ሰማያዊውን ስለዋል። ካልታመሙት አሥራ ስምንት የሳሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ራሔል ኢፍቱ አጠገብ ቁጭ አለች። «ይኼ ሰማያዊ የምንድን ነው?»

«የሼዳችን» አለች ኢፍቱ፤ ቀላል ነገር እንደተጠየቀች ሁሉ።

«ሼዳችን የት ነው ያለው?»

«አጎቴ ጋ። ነገ ይጨርሰዋል።»

ወይዘሮ ዘይነባ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቶፊቅን ነው የምትል። ወንድሜ በያጅ ነው። ግን እሱ ጋ ምንም አይታይም፤ ሸራ ጋርዷል። እኔ በየቀኑ በዚያ ነው የማልፍ።»

5 ሰዓት ከሩብ፣ የቶፊቅ ብረታ ብረት ቤት

ቦታው ከትምህርት ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። እናቶቹና ኢፍቱም አብረውን ሄዱ። ቶፊቅ በመንገዱ በኩል ሰማያዊ ሸራ በሽቦ ወጥሯል። ከሰው ቁመት በላይ ጀምሮ ይወርዳል። ቆሜ ሳየው ከሸራው በስተቀር ምንም አላየሁም። በዘገባዬ «ተጋርዷል» ብዬ ጽፌ ለማለፍ ደርሼ ነበር።

«ስትመለከቱ የነበራችሁት ከየት ነው?» ብላ ራሔል ኢፍቱን ጠየቀቻት።

ኢፍቱ የእናቷን እጅ ለቀቀች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ጎንበስ አለች።

እኔም ተንበረከክሁ። በሸራው ጫፍና በመሬቱ መካከል አንድ ክንድ ተኩል ያህል ክፍት ነው። በክፍተቱ ውስጥ የቶፊቅን ጫማ፣ የብየዳ ማሽኑን ገመድና መሬት ላይ የተጋደመውን ረጅም የሼዱን የብረት ቱቦ፣ ቱቦላሬውን፣ አየሁ። ብየዳው በዚያ ሰዓት አይሠራም፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። የሚበየደው መገጣጠሚያ ግን ልክ ከዓይኔ ትይዩ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ጎንበስ ሲል ዓይኑ ከሚያርፍበት።

ወይዘሮ ዘይነባ ተንበረከኩ። ከዚያ ሌላዋ እናት። ከዚያ ሁሉም። መንገደኛው ቆሞ ያየን ነበር።

ቶፊቅ ሸራውን ገልጦ ወጣ። በመንገድ ላይ የተንበረከኩ ሰባት ሴቶችና አንድ ሽበታም ሰው አገኘ። «ሰላም ነው? ምን ጠፋባችሁ?» አለ።

እህቱ ነገሩት። ቀጥሎ የጠየቀው እናቶቹን ነው። «ቀን ደህና ሆነው ውለው ማታ ነው የጀመራቸው? አሸዋ አሸዋ ይላል? በሁለተኛው ቀን ይሻላቸዋል?»

«አዎ» አሉ።

«ብየዳ ነው የመታቸው» አለ። «እኔን ስጀምር ስንት ጊዜ መቶኛል።»

ሸራውን ለምን መሬት እንዳላስነካው ጠየቅሁት። እሱም ሳይሸሽ በቀጥታ መለሰ። «ብልጭታው መሬት ላይ ነው የሚወድቅ። ሸራው ዝቅ ካለ ይቃጠላል። ደግሞ በርና መስኮት ስሠራ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ብርሃኑን ይጋርደዋል። ለይኼ ቱቦላሬ ግን ጠረጴዛው አይበቃም። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ መሬት ላይ ነው የምበይደው።»

ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ።

«ልጆቹንስ አላየሃቸውም?»

«ማስክ አድርጌ ምን አያለሁ፣ ጋሼ?»

ኢፍቱ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ጓደኞቿን «ሼዳችንን ላሳያችሁ» እያለች ታመጣቸው ነበር። ጉዳዩን የእሷ ጥፋት እንዳያደርጉት ሰግቼ እናቷን አየሁ። ወይዘሮ ዘይነባ ልጃቸውን ወደ ራሳቸው አስጠግተው ወንድማቸውን «መጀመሪያ እስከ መሬት የሚጋርድ ላሜራ ፈልግ፤ ሌላው በኋላ» አሉት።

ሰማያዊውን ስለው ያልታመሙትን ሁለቱን ልጆች ለብቻ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አለዚያ ቁጥሩ አይዘጋም። አንደኛዋ ከአባቷ ጋር በባጃጅ ስታልፍ ብልጭ ሲል ከሩቅ አየችው እንጂ አልቆመችም። ሁለተኛው በክፍሉ ውስጥ በቁመት የሚበልጠው ልጅ ነው። «እኔ ትልቅ ነኝ፤ እንደ ትንንሾቹ ጎንበስ አልልም። ግድግዳው ላይ ሲያበራ ነው ያየሁት» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የታመሙት ልጆች ጤና ጣቢያ ተወሰዱ። የመረመራቸው ባለሙያ ጉዳቱ የብየዳ ብርሃን መሆኑን፣ ያገገሙት ሙሉ በሙሉ ማገገማቸውን፣ የቀሩትም በአንድ ሁለት ቀን እንደሚድኑ ነገረን። ቤት ውስጥ ምንም ነገር ዓይናቸው ላይ እንዳይደረግ፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ ብቻ ይበቃል አለ።

ሐሙስ፣ 2 ሰዓት ተኩል

ደራ አደርን። ጠዋት ቶፊቅ ሸራውን አውርዶ እስከ መሬት የሚደርስ ላሜራ አቁሟል፤ ተንበርክኬ አየሁት፤ ክፍተት የለውም። ብየዳውን ልጆች ከትምህርት ቤት ከተለቀቁ በኋላ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ብቻ እንደሚሠራ ለእናቶቹ ቃል ገባ።

ወረዳው የተገኘው ውጤት በጽሑፍ እንዲደርሰው ጠይቋል። እናቶቹ በተሰበሰቡበት ክፍል ከድጃ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋች። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጻፉት። ጋዜጠኛ ነዎት፤ ይሰሙዎታል።»

«አልችልም» አልኳት። «ራሔል ልጄ ናት። ይህን ትናንት ጠዋት ለሁላችሁም መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጥፋቴ ነው።»

ወይዘሮ ዘይነባ ራሔልን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አባቷ ነዎት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ትናንት እንደዚያ አፋጠጧት?»

ራሔል «ቤትም እንደዚሁ ነው» አለች። «ሰኞ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እናቶቹ ሳቁ። ወይዘሮ ዘይነባ ግን አልሳቁም፤ እስክሪብቶ ጠየቁ። ከድጃ ጻፈች፤ እሳቸው በቃል ሰጡ። ጉዳቱ ከፀሐይ ትምህርቱ እንዳልሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ልጆቹ በሥዕላቸው እንዳሳዩ አንድ በአንድ አስጻፉ። «በያጁ ወንድሜ ነው» የሚለውንም ዓረፍተ ነገር ራሳቸው አስገቡት። ከድጃ «ይህ ያስፈልጋል ወይ?» ስትላቸው «እሳቸው እንኳ ሰው ፊት ልጄ ናት ብለዋል» አሉ፤ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። መጀመሪያ ፈረሙ፤ ሌሎቹ ተከተሉ።

ለራሔል «ይቅርታ» አላሏትም። ስንወጣ ግን በር ላይ ጠበቋት። ከዘንቢላቸው የኢፍቱን ነጭ ባርኔጣ አውጥተው ሰጧትና «ፈትኚልኝ» አሉ። ራሔል ከመሬት ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሁለቱም አቀርቅረው ጥላውን አዩ። ነጠብጣብ አልነበረውም።

«አልፏል» አለች ራሔል።

«አውቃለሁ፤ ትናንት ማታ ድርብ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ።»

አዳማ፣ 7 ሰዓት

ከመናኸሪያው በባጃጅ ቤት ገባን። ራሔል ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። ሰማያዊ ከለር በአራቱም ፓኮ ውስጥ አልቋል። በቦታው ትርፍ ቢጫ አለ። ባዶውን ቦታ ለሚቀጥለው ጊዜ መዝግባ ያዘች። በሁለቱ ክቦች ትምህርት ላይም አንድ ነገር እንደምትጨምር ነገረችኝ፦ የራሱ ብርሃን ካለው መካከል ከፀሐይ ሌላ ጨርሶ ሊያዩት የማይገባ አለ፤ እሱም ብየዳ ነው። ስለ ብየዳ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አለማንሣቷ ከንክኗታል። ደጋግማ ተናገረችው። እኔ የምሳዋን ሰሃን አቀረብኩላት፤ ማክሰኞ ትታው እስክትነሣ የበላችውን ያህል ብቻ በላች።

ከዚህ ጉዞ ለሥራዬ የያዝኩት ነገር አጭር ነው። ስለ ልጆች የሚጻፍ ነገር በልጆች ቁመት መረጋገጥ አለበት። እስከ ረቡዕ 5 ሰዓት ከሩብ ድረስ ይህን አላውቅም ነበር። ያስተማሩኝ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅና የገዛ ልጄ ናቸው። ስለ ሁለተኛዋ ከዚህ በላይ ብጽፍ የገባሁትን ቃል እጥሳለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ35። ወደ ደራ ደወልኩ። መምህርት ከድጃ የወረዳው እገዳ ሰኞ መነሣቱን፣ የሼዱ አራት እግሮችም መቆማቸውን ነገረችኝ። ልጆቹ በዚያው ሰዓት ለስም ጥሪ ተሰልፈው ስለነበር ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ እንድታስቀምጠው ጠየቅኋት። ስም በስም ስትጠራ ሰማሁ፤ በእስክሪብቶ እያሰመርኩ ቆጠርኩ። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ «አቤት» ተብሏል።